ድምፁ የደከመበት አስተማሪና የተማሪዎቹ ጋዜጣ

ልጅ ከተማሪ ቤት በተመለሰ ጊዜ አባትና እናት አስቀድመው የሚጠይቁት «ዛሬ ምን ተማርህ?» ብለው ነው። ጥያቄው መልካም ነው፤ ልጁም የተማረውን ቈጥሮ ይመልሳል። ነገር ግን «ዛሬ ለአስተማሪህ ምን ነገርኸው? እርሱስ ምን ብሎ መለሰልህ?» ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ እምብዛም አይገኝም። መናገር የአስተማሪ፥ መስማት የተማሪ ሥራ ነው ብለን ከጥንት ጀምሮ ለምደነዋልና። ስለ ልጅ ቃል በአገራችን ከሚነገሩት ምሳሌዎች አንዱ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላል። ሌላው ደግሞ «የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፤ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» ይላል። የፊተኛው ምሳሌ የልጅን ነገር ፈጽሞ ይንቃል፤ የኋለኛው ግን ብስሉን ከጥሬው የሚለይ አስተዋይ ሰው እንደሚያስፈልግ ያመለክታል።

ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎቻችን የምናቀርበው፥ ይህን ብስል ከጥሬ የመለየት ሥራ ዕድሜውን ሙሉ የያዘ፥ ስለ አንድ የፈረንሳይ አገር የሕፃናት አስተማሪ የሚነገረውን ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ሴሌስተን ፍሬኔ በ1896 ዓ.ም. በደቡብ ፈረንሳይ፥ በአልፕ ማሪቲም አውራጃ፥ ጋር በምትባል ትንሽ የተራራ መንደር ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። በኒስ ከተማ በአስተማሪዎች ማሠልጠኛ ቤት ሲማር ሳለ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ፤ እርሱም እንደ እኩዮቹ ሁሉ በ1915 ዓ.ም. ለጦር ተጠራ። በ1917 ዓ.ም. ሸመን ዴ ዳም በሚባለው የጦር ግንባር ሲዋጋ ሳንባው ላይ ቈሰለ። ከሞት ቢተርፍም ብዙ ጊዜ በሐኪም ቤት ተኛ፤ ከዚያም ሲወጣ ትንፋሹ እንደ ቀድሞው አልተመለሰለትም። በ1920 ዓ.ም. መጀመሪያ ግን የአስተማሪነት ሥራ ተሰጥቶት ባር ሱር ሉ ወደምትባል መንደር ሄደ።

ባር ሱር ሉ ከሉ ወንዝ ሸለቆ በላይ በኮረብታ ላይ የተሠራች መንደር ናት። በዙሪያዋ የወይራና የመራራ ብርቱካን ዛፍ ይበቅላል፤ የብርቱካኑም አበባ እየተለቀመ ግራስ በምትባለው ከተማ ሽቱ ለሚያወጡት ሰዎች ይሸጥ ነበር። ተማሪ ቤቱ ሁለት ክፍል ብቻ የነበረው የወንዶች ተማሪ ቤት ነው። ልጆቹም የገበሬና የሠራተኛ ልጆች ነበሩ።

እንግዲህ የአስተማሪው ችግር በዚህ ጀመረ። በዚያ ዘመን አስተማሪ ማለት ከጧት እስከ ማታ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚናገር፥ የሚያዝ፥ የሚገሥጽ ሰው ማለት ነበር። ሙሴ ፍሬኔ ግን በዝግ ክፍል ውስጥ ጥቂት ጊዜ እንደ ተናገረ ትንፋሽ ያጥረው ነበር። ድምፅ የሌለው አስተማሪ፥ እጅ እንደሌለው አንጥረኛ ነው ተብሎ ሊታሰብ ይቻላል፤ ሥራውን ትቶ ሌላ እንጀራ ቢፈልግም የሚነቅፈው አልነበረም። እርሱ ግን አልተወውም። መናገር ባቃተው ጊዜ መስማትና መመልከት ጀመረ፤ የልጆቹንም ጠባይ፥ ሥራቸውንና ንግግራቸውን እያስተዋለ በማስታወሻው ይጽፍ ነበር።

ያየውም ነገር ይህ ነው። መጽሐፍ ሲነበብ ዓይኑ በመስኮት የሚሄደው ልጅ፥ ከደጅ ስላገኘው ጥንዚዛ ሲጠየቅ ግን አንደበቱ ይፈታል። በክፍል ውስጥ ዲዳ የሚመስለው፥ አባቱ ወይራውን እንዴት እንደሚለቅም ሲናገር አዋቂ ይሆናል። በአስተማሪው ወዳጆች ዘንድ እስከ ዛሬ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ፤ ይኸውም ልጆቹ ቀንድ አውጣዎች አምጥተው እሽቅድምድም ባስያዟቸው ጊዜ የሆነው ነው። ሌላ አስተማሪ ቢሆን ቀንድ አውጣዎቹን በመስኮት አስጥሎ ልጆቹን በቀጣ ነበር። ሙሴ ፍሬኔ ግን ጠመኔውን አንሥቶ፥ ልጆቹ እሽቅድምድሙን እያዩ የተናገሩትን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፈው። ልጆቹም የገዛ ቃላቸው በሰሌዳ ላይ ተጽፎ ባዩ ጊዜ፥ ማንም ሳያስገድዳቸው አነበቡት፤ ወደ ደብተራቸውም ገለበጡት።

ከዚህ በኋላ አስተማሪው ከቀትር በኋላ ልጆቹን ይዞ ወደ ሜዳና ወደ አንጥረኛው፥ ወደ አናጢውና ወደ ሸማኔው ቤት መሄድ ልማድ አደረገ። የውጭው አየር ለሳንባው ተስማማው፤ ልጆቹም የሚናገሩት ነገር አገኙ። ከመንገድ ሲመለሱ ያዩትን በአንድነት በሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ። ነገር ግን በዚያው ቀን ሰሌዳው ይጠረግና የታዘዘው የንባብ መጽሐፍ ይገለጣል፤ መጽሐፉም የማያውቁትን አገርና የማያውቁትን ሰው ኑሮ የሚያወራ ነው፤ የልጆቹም ፊት ወዲያው ይጠቍራል። አስተማሪውን ያሳዘነው ይህ ነበር። የልጆቹ ቃል እንደ መጽሐፉ ቃል የታተመና የሚቈይ ለምን አይሆንም? ብሎ አሰበ።

ስለዚህ በ1920ዎቹ ዓመታት አጋማሽ አንዲት ትንሽ በእጅ የምትሠራ የማተሚያ መኪና ገዝቶ ወደ ክፍሉ አገባ። የማተሚያ ቤት ሥራ የሚያውቅ አንባቢ የዚህን ነገር ክብደት ያስተውለዋል። ፊደሉ የእርሳስ ነው፤ እየተለቀመ አንድ በአንድ ይደረደራል፤ ሲደረደርም ተገልብጦ እንደ መስተዋት ምስል ነው። ሥራው እንዲህ ነበር፤ ልጆች ሁሉ በፈቃዳቸው የጻፉትን በክፍሉ ፊት ያነባሉ፤ ለመታተም የሚገባውን በድምፅ ብልጫ ይመርጣሉ። የተመረጠው በሰሌዳ ላይ ይጻፍና አስተማሪውና ልጆቹ በአንድነት ያቃኑታል፤ አሳቡ የጸሐፊው እንደ ሆነ ይቀራል፤ ስሕተቱ ብቻ ይታረማል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ መስመር ተካፍሎ ፊደሉን ይለቅማል፤ መስመሮቹ ይገጠማሉ፤ አንዱ ቀለም ይቀባል፥ አንዱ ወረቀት ያኖራል፥ አንዱ ይጫናል፥ አንዱ የታተመውን እያነሣ እንዲደርቅ ያሰጣል።

አንድ ፊደል ቢሳሳት ስሕተቱ በወረቀቱ ሁሉ ላይ ይወጣል። ስለዚህ በደብተሩ ላይ በቀይ ቀለም ብዙ ጊዜ ቢታረም ግድ ያልነበረው ልጅ፥ በማተሚያው ፊት ግን የፊደልን ሥርዓት ለመጠበቅ ራሱ ይጨነቅ ጀመር። አስተማሪው የሚነግረው ስለ ቅጣት አልነበረም፤ ልጁ የፈራው የሚያነበው ሰው እንዳይስቅበት ነው። ይህም ፍርሃት ጤናማ ፍርሃት ነው፤ ትልልቆቹም ጸሐፊዎች ያላቸው ነውና።

በዚህ አንቀጽ አንድ ነገር ከራሳችን ጋር አስተያይተን እንናገር። በቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ይህ አሳብ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም። የቅኔ ተማሪ የሌላውን ቅኔ አጥንቶ ብቻ አይቀርም፤ ለብቻው ሆኖ የራሱን ቅኔ ይቈጥራል፤ ከዚያም በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩም ሰምተው ያርሙታል። በዚያች ሰዓት ተናጋሪው ተማሪው፥ ሰሚው መምህሩ ነው። ልዩነቱ፥ የእኛ ሊቃውንት ይህን ዕድል የሚሰጡት ብዙ ዘመን ለደከመ ጐበዝ ተማሪ ሲሆን፥ ፈረንሳዊው አስተማሪ ግን ገና ፊደል በመቍጠር ላይ ላለ ሕፃን መስጠቱ ነው።

የታተመው ጽሑፍ ግን የሚያነበው ሰው ያስፈልገዋል። በ1926 ዓ.ም. ሙሴ ፍሬኔ በአገሩ ሌላ ጫፍ፥ በብሬታኝ፥ ትሬገንክ በሚባል የባሕር ዳር ቀበሌ ከሚያስተምረው ከሬኔ ዳንኤል ጋር ተስማማ፤ እርሱም በክፍሉ ማተሚያ አግብቶ ነበር። ከዚያ ወዲያ የሁለቱ ተማሪ ቤት ልጆች የታተመውን ጽሑፋቸውን በየጥቂት ቀኑ በፖስታ ይለዋወጡ ጀመር። እያንዳንዱም ልጅ በዚያኛው ተማሪ ቤት የራሱ ወዳጅ ነበረው፤ ደብዳቤ ይጽፍለታል፥ ይመልስለታልም። ከደብዳቤውም ጋር ካገራቸው የሚገኘውን ፍሬና ልዩ ልዩ ነገር በጥቅል ይላላኩ ነበር።

የዚህን ነገር ፍሬ ማየት ቀላል ነው። የደቡብ ተራራ ልጅ ስለ ወይራ መጭመቂያ ሲጽፍ፥ ወይራ አይቶ ለማያውቅ ለአሣ አጥማጅ ልጅ መጻፉን ያውቃል፤ ስለዚህ እጅግ አብራርቶ ይጽፋል። «መጭመቂያው ትልቅ ነው» ቢል ወዳጁ «ምን ያህል ትልቅ ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ ልጁም ገመድ ይዞ ሊለካ ይሄዳል። እንዲህ ሲሆን ሒሳብ ገባ። «ያንተ መንደር ከባሕር በላይ ምን ያህል ከፍ ይላል?» ሲባል ካርታ ይገለጣል። እንዲህ ሲሆን ጂኦግራፊ ገባ። ቀድሞ ልጁ የሚጽፈው ለአስተማሪው ነበር፤ አስተማሪው ደግሞ መልሱን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ለሚያውቅ ሰው መንገር ደግሞ ሥራ ነው እንጂ ወሬ አይደለም። አሁን ግን በእውነት ለማያውቅና ለማወቅ ለሚናፍቅ ሰው ይጽፍ ነበር።

አስተማሪው በዚህ ብቻ አልተወሰነም። በክፍሉ ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ወረቀት በሳምንቱ መጀመሪያ እንዲሰቀል አደረገ፤ ወረቀቱም በአምድ ተከፍሎ፥ በአንዱ ልጆቹ የሚነቅፉትን፥ በአንዱ የሚያመሰግኑትን፥ በአንዱ የሚመኙትን፥ በአንዱ ሠርተው የፈጸሙትን ይጽፉበታል። በሳምንቱ መጨረሻ ስብሰባ ይደረግና የተጻፈው ሁሉ ይነበባል፤ የተነቀፈውም መልስ ይሰጣል። የሚነቅፍ ሰው ስሙን መጻፍ ነበረበት። ሹመት ይዞ አቤቱታ የሚቀበል አንባቢ ይህ ሥርዓት ምን ያህል ፍትሕን እንደሚያስተምር ያውቃል፤ ከኋላ ሆኖ የሚያማ ልጅ በፊት ለፊት ስሙን ጽፎ መናገርን ይለምዳልና።

በ1927 ዓ.ም. ፍሬኔ ስለ ተማሪ ቤት ማተሚያ መጽሐፍ አሳተመ፤ በዚያው ዓመት ይህን ሥራ የያዙት አስተማሪዎች በቱር ከተማ የመጀመሪያውን ጉባኤ አደረጉ። በ1928 ዓ.ም. እርሱና አስተማሪ የነበረችው ሚስቱ ኤሊዝ ሳን ፖል ወደምትባል መንደር ተዛወሩ።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ደስ የሚያሰኝ ብቻ ነው። ነገር ግን ልጅ እውነት እንዲናገር የፈቀደ ሰው ጥሬውንም ፍሬ መቀበል ግድ ይሆንበታል፤ ይህም በሳን ፖል ታየ። ተማሪ ቤቱ የተጐሳቈለና ለጤና የማይስማማ ስለ ነበረ፥ አስተማሪው እንዲታደስና ለድኾች ልጆች የጽሕፈት መሣሪያ እንዲሰጥ የመንደሩን ሹማምንት አጥብቆ ይጠይቅ ነበር። እነርሱም አልወደዱትም። ሙሴ ፍሬኔ በፖለቲካ ረገድ የኮሙኒስት ወገን ሰው ስለ ነበረ፥ ጠላቶቹ በመንደሩም ከመንደሩም ውጭ ብዙ ነበሩ። በዚህ መካከል አንድ ልጅ ሌሊት ያየውን ሕልም ጻፈ፤ ሕልሙም፥ ተማሪዎቹ የጽሕፈት መሣሪያ በከለከላቸው በመንደሩ ሹም ላይ እንደ ተነሡና ልጁም ሹሙን እንደ ገደለው የሚያወራ ነበር። ጽሑፉም እንደ ሌላው ሁሉ ታተመ።

በ1932 ዓ.ም. መጨረሻ ጠላቶቹ ይህን የልጅ ሕልም በወረቀት አሳትመው በመንደሩ ግድግዳ ላይ ለጠፉት፤ «አስተማሪው ለልጆቻችሁ የሚያስተምረውን እዩ» አሰኙበት። ነገሩ በትልልቆቹ ጋዜጦች ተነሣ፤ ወላጆችም ለሁለት ተከፈሉ፤ እኩሌቶቹ ልጆቻቸውን ከተማሪ ቤት አስቀሩ። በሚያዝያ ወር 1933 ዓ.ም. ብዙ ሰው ተሰብስቦ ተማሪ ቤቱን ከበበው። በመጨረሻም መንግሥት አስተማሪውን ከሳን ፖል እንዲነሣ አደረገ።

በዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ ሁለት ነገር ይመለከታል። አንደኛው፥ ሕልም ሕልም ነው እንጂ ዐመፅ አይደለም፤ ልጅ በቀን የሰማውን የትልልቆች ጠብ በሌሊት ቢያልመው የሚወቀሱት ትልልቆቹ ናቸው። ሁለተኛው ደግሞ፥ ልጅ ለአስተማሪው የሚነግረው ሁሉ ለአገር የሚታተም አይደለም። አስተማሪው ልጁን መስማቱ መልካም ነበረ፤ ነገር ግን በዚያ በተካረረ ጊዜ ወረቀቱ ከክፍሉ ወጥቶ ልጁንም አስተማሪውንም ለክርክር አጋለጣቸው። የልጅን ቃል የያዘ ሰው አደራ ይዟል፤ አደራም የሚጠበቅበት ቦታና ጊዜ አለው። የዚህ ታሪክ ጠቃሚው ትምህርት ከደስታው ክፍል ይልቅ በዚህ በኀዘኑ ክፍል ይገኛል ብንል አልተሳሳትንም።

ሙሴ ፍሬኔ ግን ሥራውን አልተወም። በ1935 ዓ.ም. በቫንስ ከተማ አጠገብ በገዛ እጁና በወዳጆቹ ርዳታ የራሱን ተማሪ ቤት ከፈተ። በእስጳንያ የእርስ በርስ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ከዚያ ተሰደው የመጡ ሕፃናትን በተማሪ ቤቱ ተቀበለ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ በ1940 ዓ.ም. በፖለቲካ ምክንያት ተይዞ ታሰረ፤ በ1941 ዓ.ም. ተፈታ። ከጦርነቱ በኋላ የማተሚያው ሥራ በብዙ ተማሪ ቤቶች ተስፋፋ፤ በ1949 ዓ.ም. ከእርሱ ታሪክ የተወሰደ የሲኒማ ሥራ በፈረንሳይ አገር ታየ። እርሱም በ1966 ዓ.ም. በቫንስ ዐረፈ። ከባለቤቱ ሞት በኋላም ተማሪ ቤቱን በ1991 ዓ.ም. የፈረንሳይ መንግሥት ገዝቶ የሕዝብ ተማሪ ቤት አደረገው። አንድ ጊዜ ከተማሪ ቤቱ ያስነሣው መንግሥት፥ በኋላ ሥራውን እንደ ቅርስ ጠበቀለት።

ይህን ታሪክ በቤተ ሰብ አምድ ላይ ማቅረባችን ያለ ምክንያት አይደለም። የማተሚያ መኪና በየክፍሉ የሚገኝ አይደለም፤ በየቤቱም አያስፈልግም። የነገሩ ሥር መኪናው ሳይሆን አስተማሪው ልጆቹን መስማቱ ነው። ይህ ደግሞ ያለ ምንም ወጪ በየቤታችን ሊሆን ይቻላል።

አባት ከጉዳይ ሲመለስ፥ ልጁ የጻፈውን ወረቀት ይዞ ቢቀርብ፥ አስቀድሞ አሳቡን ያንብብለት፤ ስሕተቱን በኋላ ያርምለት። ብዙዎቻችን የምናደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ልጁ ስለ ሞተችው ጥጃ በዕንባ የጻፈውን ተቀብለን «ይህ ሀሌታው ሀ ነው፥ ሐመሩ ሐ አይደለም» ብለን እንመልስለታለን። ፊደሉን ማረም ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ስለ ጥጃይቱ አንድ ቃል ሳይናገሩ ፊደሉን ብቻ ማረም፥ ልጁ ሁለተኛ ስለ ልቡ እንዳይጽፍ ማድረግ ነው።

እናትም ብትሆን ልጅዋ በምስጢር የነገራትን ለጐረቤት ለማሳቅ አታውጣው። አንድ ጊዜ የተሳቀበት ልጅ ከዚያ በኋላ የሚናገረው ሰው ደስ የሚለውን ብቻ ነው፤ ይህም ውሸትን የመለማመድ መጀመሪያ ነው። ደግሞም በሩቅ አገር አያት ወይም አጎት ያለው ልጅ በወር አንድ ጊዜ ደብዳቤ እንዲጽፍ ይደረግ፤ ወላጅ ቃሉን አይምረጥለት፤ ተቀባዩም መልስ እንዲጽፍ ይለመን። መልስ የማያገኝ ደብዳቤ ልጅን ያሳዝናል፤ መልስ የሚያገኝ ግን ከብዙ የጽሕፈት ልምምድ ይበልጣል። ልጁ የጻፈውም አይጣል፤ በአንድ መዝገብ ይጠበቅለት፤ ባደገ ጊዜ ከየት እንደ ተነሣ ያይበታል።

አስተማሪ የሆኑ አንባቢዎቻችንም በሳምንት አንዲት ሰዓት ለተማሪዎቻቸው ጽሑፍ ቢለዩ፥ በዚያች ሰዓትም እነርሱ ዝም ብለው ልጆቹ ቢያነቡ፥ ዓመቱን ሙሉ ሲያስተምሩት ያላወቁትን ልጅ ያውቁታል። ልጁ ሲርበው፥ ሲፈራ፥ ቤቱ ሲታወክ አስቀድሞ የሚታየው በፈተና ሳይሆን በጽሑፉ ነው።

ባር ሱር ሉ የነበረው አስተማሪ ጤነኛ ሳንባ ቢኖረው ኖሮ ምናልባት እንደ ሌሎቹ ሁሉ ሲናገር ኖሮ፥ ሲናገር በሞተ ነበር። ቍስሉ ዝም አሰኘው፤ ዝም ባለ ጊዜም ልጆቹን ሰማ። እኛ ግን ጤናችንን አምላክ ጠብቆልናልና፥ ልጆቻችንን ለመስማት እስክንቈስል ድረስ መቈየት አያስፈልገንም። ዛሬ ማታ ልጁ ከተማሪ ቤት ሲመለስ «ምን ተማርህ?» ካልነው በኋላ፥ ጥቂት ዝም ብለን «አንተስ ምን ተናገርህ?» ብለን እንጠይቀው።